ማስተካከያ፦ ለአይሎ (iLO) የሚከፈተው ፖርት 636 ነው

ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሰርቨር ባለሙያዎች የተሰራጨው መመሪያ፣ የአይሎን (የHPE ሰርቨርን ከርቀት መቆጣጠሪያ) መግቢያ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎች አካውንት ከሚያዝበት የማይክሮሶፍት ማውጫ) ጋር ለማገናኘት ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) 389 ይከፈት ይላል። ትክክሉ 636 ነው። አይሎ ከዳይሬክተሪው ጋር የሚነጋገረው በተመሰጠረ መስመር ስለሆነ፣ ዶሜን ኮንትሮለሩ (ዳይሬክተሪውን የያዘው ሰርቨር) ማንነቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰርተፍኬት ሊኖረው ግድ ነው። ሰርተፍኬት ከሌለ የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም መግባት አይቻልም፤ ብዙ ባለሙያ የይለፍ ቃል ሲቀያይር በከንቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።

«በአይሎው ላይ ያለውን የአስተዳዳሪ አካውንት ሰርዙ» የሚለው የመመሪያው ምክር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነውና ፈጽሞ አትከተሉት። ዶሜን ኮንትሮለሩ ያለው ደሴ ቢሆንና መስመሩ ቢቋረጥ፣ ኮምቦልቻ ላይ በአይሎ በኩል ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባችሁ ያ አካውንት ብቻ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ስጡትና ቃሉን በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት።