የኤኤፍፒ ውጤት ብቻውን አይበቃም

«በካንሰር ምክንያት ጉበት የተቀየረለት ሰው ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ ኖርማል ከሆነ ካንሰሩ አይመለስም፤ ሲቲ ስካንም አያስፈልገውም» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ሲጻፍ አያለሁ። በቅን ልብ የተባለ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

ኤኤፍፒ ብዙ የጉበት ካንሰሮች የሚያመነጩት ፕሮቲን ነው፤ ሁሉም ግን አያመነጩትም። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ካንሰሩ እያለባቸው ቁጥሩ ኖርማል ነው። ከንቅለ ተከላው በፊት በሚሊ ሊትር ከ1000 ናኖግራም ካለፈ የመመለስ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው፤ ዝቅ ማለቱ ግን ዋስትና አይሆንም። ሐኪሞች የዕጢውን መጠንና ብዛት፣ ይልቁንም ወደ ጥቃቅን የደም ሥሮች መግባት አለመግባቱን አብረው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ማጣራት አይከብድም። ካንሰሩ መጀመሪያ ሲገኝ፣ ምንም ሕክምና ሳይጀመር የተሠራውን የላብራቶሪ ወረቀት አውጡ። ያኔ ዕጢው እያለ ኤኤፍፒው ኖርማል ከነበረ፣ የዛሬው ኖርማል ብዙም የሚነግራችሁ ነገር የለም። የደም ሥሩን ጉዳይ ደግሞ የወጣው ጉበት የፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ) ሪፖርት ላይ ፈልጉት።

ካንሰሩ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ውስጥ ነው፤ ሳንባ ላይም ሊታይ ይችላል። እባካችሁ፣ ደሙ ደህና ነው ብላችሁ የሲቲ ቀጠሮ አትዝለሉ።