ክላሱ ከመሰረዙ በፊት መምህሩ ይጠየቅ

በኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) የሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ አስተዳደር ለመጪው የጸደይ ሴሚስተር ከታቀዱት ክላሶች ውስጥ 300 የሚጠጉትን ባንድ ጊዜ ሰረዘ። ምዝገባው ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከተሰረዙት መካከል አረጋውያን በነጻ የሚማሩባቸው ብዙ ክላሶች ነበሩ። መምህራኑ ግን ነገሩን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው።

አስተዳደሩ ያለ ምክንያት አልተነሳም። ኮሌጁ ከ2012 ጀምሮ እውቅናውን ሊያጣ ተቃርቦ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰለት በ2017 ነበር። በመሐሉ በሕዝብ የተመረጠው ቦርድ ሥልጣኑን ተነጥቆ፣ ከላይ የተሾመ አንድ ባለአደራ ብቻውን ይወስን ነበር። ብቻ መወሰን ያኔ ልማድ ሆኖ የቀረ ይመስለኛል። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ተማሪ ሸሸ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ተማሪ ሲሸሽ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል፤ ስቴቱ ተማሪዎች የተማሩትን 525 ሰዓት እንደ አንድ ሙሉ ተማሪ ቆጥሮ ነው ለኮሌጆች አብዛኛውን በጀት የሚመድበው። ወጪው ግን አይቀንስም፤ አስር ሰው የተቀመጠበትም ሆነ አርባ የሞላበት ክላስ ለመምህሩ የሚወጣው ደመወዝ አንድ ነው።

ሒሳቡን አልክድም። ጥያቄዬ ማን ተቀምጦ ይሠራዋል የሚለው ነው።

በ1988 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤቢ 1725 የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ መምህራንን የሚወክለው ሴኔት በኮሌጁ አመራር ድምፅ እንዲኖረው አድርጓል። እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሴኔቱ ሊማከርባቸው የሚገቡ እኛ መምህራን «አስር ሲደመር አንድ» የምንላቸውን አሥራ አንድ ጉዳዮች ይዘረዝራል፤ የዕቅድና የበጀት አሠራር አንዱ ነው። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። ደንቡ የሚናገረው ስለ አሠራሩ እንጂ የትኛው ክላስ ይከፈት፣ የትኛው ይታጠፍ ስለሚለው አይደለም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ስለ አሠራር ስንሰበሰብ እንከርምና መቀሱ ሌላ ቢሮ ውስጥ ይሠራል።

እኔ በፓርት ታይም ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የማታ ክላሴ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ፤ የተመዘገቡት 11 ነበሩ። ዝርዝሩ የማያሳየውን እኔ አውቅ ነበር፦ ሦስቱ ወደ ነርሲንግ ለማመልከት የቀራቸው ይኸው አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ «ሌላ ሴክሽን አለ»፣ ማለትም ያው ኮርስ በሌላ ክላስ ይሰጣል፣ ይላል፤ አለ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ። ከሦስቱ አንዷ የአገራችን ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ጠዋት ሥራ ላይ ናት። ደውዬ ስነግራት «እንግዲህ ምን ይደረጋል መምህር፣ ለከርሞ ነዋ» አለችኝ። ከርሞም አልመጣችም።

የማታውን ተማሪ በቅርብ የምናውቀው በብዛት እኛ ፓርት ታይሞቹ ነን። ሕጉ በአንድ ዲስትሪክት ከሙሉ ጊዜ መምህር የማስተማር ጭነት 67 በመቶ በላይ እንድናስተምር ስለማይፈቅድ ከኮሌጅ ኮሌጅ እንነዳለን። ስብሰባው ቀን ላይ ነው፤ እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ለተቀመጥንበትም አይከፈለንም። በዚህ ዓይነት ማን ይገኛል?

መምህራንም ጥፋት አለብን። የሚቀነስ ነገር ሲነሳ ሁሉም የራሱን የትምህርት ክፍል ይዞ ይሟገታል። ለሁሉም ቅነሳ «አይሆንም» የሚል ሴኔት መቀሱን በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ምዝገባው መውረድ ሲጀምር እኛው ቀድመን የትኛው ይታጠፍ ማለት አለብን። በተመሳሳይ ሰዓት የተደራረቡት ሴክሽኖች መጀመሪያ ይቀላቀሉ። የአንድ ፕሮግራም ማብቂያ የሆነ ኮርስ በራስ ቆጠራ ብቻ አይሰረዝ። የሁለት ዓመቱ የክላስ መርሐ ግብር ቀድሞ ይውጣ፤ ሥራና ልጅ ያለው ሰው ሕይወቱን በዚያ ያስተካክላል።

ፓርት ታይሞቹም ጥሪው ይድረሰን፤ የተቀመጥንበት ሰዓት ይከፈል። ስብሰባው ከማታ ክላስ በኋላም ቢሆን እንመጣለን።