«ተቀበል!» ባዩ እንዳይጠፋ

ስዊድን ጎተንበርግ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት ስደውል ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ደመወዙ ነው። እዚህ ያሉ ሰዎች በምን እንደሚደሰቱ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለሱ ነው። ሰው አብሮ ሲዘፍን፣ ሲጨፍር፣ በእጁ የሚያምር ነገር ሲሠራ ስለሚያገኘው ደስታ። እዚህ እንዴት እንደሆነ፣ እኛ ጎጃም ደግሞ እንዴት እንደነበረና ወዴት እየሄደ እንደሆነ።

ከኮንሰርቱ ልጀምር። የጎተንበርግ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተ ነው፣ ከተማው ይኮራበታል። አንዴ የሥራ ባልደረባዬ ጋብዛኝ ሄድኩ። ሙዚቃው ልብ ያርዳል። ሰው ግን ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያዳምጠው። አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪጀመር ዝም ነው፣ ያኔ ማጨብጨብ ነውር ነው፣ ሳል የያዘው ሰው እንኳ በመሐረብ አፍኖ ነው የሚስለው። ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። አጠገቤ ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋር አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ተለያየን።

እዚህ ላይ ባቆም «ፈረንጅ ብቸኛ ነው፣ ሙዚቃውም ብቸኛ ነው» ለማለት ይመቸኝ ነበር። ብዙዎቻችን ውጭ የምንኖር ሰዎች ለአገር ቤት ዘመድ የምናወራው ይህንን ነው። ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ያየሁት ቆይቶ፣ አንዲት ጎረቤቴ ማክሰኞ ማታ ወደ መዘምራን ቡድኗ ስትወስደኝ ነው። በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የአውቶብስ ሹፌር፣ ነርስ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ተሰልፈው ይዘምራሉ። ድምፅሽ ያምራል ወይ ብሎ የሚፈትን የለም። በመሀል ቡናና የቀረፋ ዳቦ ይቀርባል፣ ያኔ ወሬው ይደራል። አንዷ ባሏ እንደሞተ የተናገረችው እዚያ ነው፣ ምግብ እየሠሩ ተራ በተራ ቤቷ የሄዱትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቡድን በየሰፈሩ አለ። አገሩ በዚህ የታወቀ ነው።

የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለክተው ነበር። ዜማው ረጋ ሲል የሁሉም የልብ ምት አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ዜማው ሁሉንም እኩል ያስተነፍሳቸዋል፣ ልብ ደግሞ ትንፋሽን ይከተላል። ይህን ሳነብ ቶሎ ብሎ የታየኝ የደምበጫ አካባቢ ሠርግ ነው፣ ዳሱ ውስጥ እስክስታ የያዘው ሰው ሁሉ ትከሻው አንድ ላይ ወጥቶ አንድ ላይ ሲወርድ።

አንድ ሌላ የምወድላቸው ነገር አለ። ማዘጋጃ ቤቶቻቸው ለልጆች የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አላቸው፣ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ቫዮሊን፣ ሥዕል፣ ዳንስ ይማሩበታል። በዲሴምበር 13 ደግሞ ጠዋት ገና ሳይነጋ ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ እየዞሩ ይዘምራሉ። ሉሲያ ይሉታል። በሽተኛው አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማቸዋል። መጀመሪያ ሳየው እንባዬ መጣ። የእንቁጣጣሽ ቀን ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው «አበባ አየሽ ሆይ» እያሉ በራችን ላይ ሲቆሙ ነው የመሰለኝ።

አሁን ወደ ጎጃም። እኛ ጋ አዝማሪ ሲዘፍን ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው የለም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከመነሳቱ በፊት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከሰው ሰው ይዞራል። ማንን እንዴት እንደሚያወድስ ገና ዳሱ በር ላይ አጣርቶ ነው የገባው፤ የማን ልጅ ከየት መጣ፣ ማን በሬ ገዛ፣ ማን ከማን ጋር ታርቆ ነው የመጣው፣ ሁሉን ያውቃል። እኔ ፊት ሲደርስ አንድ አዛውንት፣ የአባቴ የክርስትና ወንድም፣ ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው «ተቀበል!» አሉት።

ብሩማ ይመጣል ባሕሩን ተሻግሮ፣
ሰው ነው የናፈቀን የሚበላ አብሮ።

አዝማሪው ተቀበለ። ግን እንዳለ አልተቀበለም። ሁለተኛውን ስንኝ «የሚጨፍር አብሮ» ብሎ ለውጦ፣ ማሲንቆውን እየገረፈ፣ በዓይኑ ተነስ አለኝ። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። አዛውንቱ ደስ አላቸው፣ እኔም ተነስቼ ትከሻዬን ጣልኩት። ያ ግጥም ከዚያ በፊት አልነበረም። ያችኑ ሰዓት እሳቸው ጀመሩት፣ አዝማሪው ጨረሰው፣ እኔ ጨፈርኩት። ብርጭቆ ስታቀብል የነበረችው ልጅ እንኳ ትንሽ ቆይታ የራሷን ሰጠች፣ የሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳቀ። ለዚህ ትኬት የለም። መድረክም የለም። ገበሬው ገጣሚ ነው፣ እንግዳውም ዘፋኝ ነው።

ይህ ጎጃም ውስጥ ከየትም የመጣ አይደለም። አገሩ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የተተከለባቸው ቦታዎች ናቸው፣ ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስና ዲማ ነው የተማሩት። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ አዲስ ግጥም ይደርሳል ማለት ነው። ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ አይሆንም፣ በየቀኑ አዲስ ነው የሚፈለገው። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ለስንት መቶ ዓመት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ያለፉበት አገር ሰው፣ ሠርግ ላይ ስንኝ ቢወረውር ምን ይገርማል!

ሴቶቹስ? እናቴና ጎረቤቶቿ ከሰዓት በኋላ ስፌታቸውን ይዘው ግራሩ ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ አስታውሳለሁ። ስንደዶው፣ አክርማው፣ የተነከረው አለላ መሀል ላይ ይቀመጣል። ወስፌው ሲወጋ ጭርር የሚል ድምፅ አለው። አንዷ የሌላዋን ጥለት አይታ «ይኸን ከየት አመጣሽው?» ትላለች። ቀዩ በዝቷል፣ አረንጓዴ ጣል አድርጊበት፣ አይ ተይው፣ እንዲህ እየተባባሉ ሌማቱ ያልቃል። የሰፈሩ ችግር ሁሉ እዚያው ይወራል፣ እዚያው ይለቀሳል፣ እዚያው ይሳቃል። እዚህ የማየው የሹራብ ሠሪዎች ማኅበር ከዚያ የተለየ አይደለም፣ ልዩነቱ እነሱ ቀንና ሰዓት ቆርጠው፣ አዳራሽ ይዘው መጠበቃቸው ነው።

የሚያንገበግበኝ ታዲያ ይህ ነው። እነሱ ያላቸውን እንዳይጠፋ በጀት መድበው፣ ማክሰኞን ለመዝሙር ለይተው ይዘውታል። እኛ ግን «ባህላችን ነው፣ የትም አይሄድም» ብለን ዝም አልን። አሁን ሠርግ ላይ ጄነሬተርና ትልልቅ ስፒከር ይመጣል። ዲጄው ከተማ ውስጥ የወጣውን ዘፈን ይለቃል። ድምፁ ከመብዛቱ የተነሳ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር እንኳ አትሰማማም። ሰው ይጨፍራል፣ አልዋሽም፣ ደስም ይለዋል። ግን «ተቀበል» ብትለው ስፒከር አይቀበልህም። አዛውንቱ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ስንኛቸው አፋቸው ላይ ይቀራል።

ጥፋቱን ሁሉ በዲጄው ላይ አልጥልም። አዝማሪውን አብልተን አጠጥተን፣ ሽልማት ግንባሩ ላይ ለጥፈን ስናበቃ ልጃችንን ለእሱ መዳር የምናፍር እኛው ነን። «አዝማሪ» የሚለው ስድብ ሆኖ የኖረ አገር ውስጥ፣ የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ ትቶ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ግጭቱ መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ሰው በጊዜ ይገባል፣ ሐዘን ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ዘፈን ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። ሙሾ አውጪዋም ለቅሶ ላይ ስንኝ ደርድራ ነው ሰውን አስለቅሳ የምታሳርፈው። ሐዘን ብቻውን ከሚውጠው ሰው ይልቅ አብሮ ያለቀሰው ይሻለዋል፣ ይህን እናቶቻችን ከማንም ጥናት በፊት ያውቁታል።

የወንድሜ ልጅ ሠርግ ለከርሞ ታስቧል። ለዲጄው ከሚከፈለው ግማሹን ለአዝማሪ እናድርገው ብዬ ደወልኩ። ወንድሜ «የትኛው አዝማሪ?» አለኝ። ያ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የዘፈነው ባሕር ዳር ገብቶ ባጃጅ እየነዳ ነው አሉ። ስልኩን አፈላልገን አገኘነው። ማሲንቆውን አልሸጠውም፣ ቆዳው ግን መቀየር አለበት። መንገዱ ሰላም ከሆነና ከሳምንት በፊት ከነገራችሁኝ እመጣለሁ ብሏል፤ የሙሽሪትን አባት ስምና የትውልድ ቀዬዋንም ከአሁኑ ጠይቆ ይዟል።