ደብዳቤው ላይ የሌለው መስመር

የእንጨት ሥራ ያስተማሩኝ ሰውዬ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ይጎድላቸው ነበር። ሰፈር ውስጥ ይህ ማንንም አይገርምም። እንዲያውም የሙያቸው ምስክር ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ያቺን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዋጋ ይናገራሉ። ሰውም ብዙ አይከራከራቸውም። እኔ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሼድ እየተላላክሁ፣ አናጺ መሆን ማለት አንድ ቀን ጣት መክፈል ነው ብዬ አምኜ ነበር።

የመሰንጠቂያ ማሽኑ የመጋዝ መከለያ ነበረው። «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኮት እንሰቅልበት ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በእግሬ ስሄድ ያገኘሁት ልጅ ነው። ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ሥር ተቀምጦ ከተፈታ ፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪት ከሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ ላይ፣ ሚስማር ይነቅላል። እግሩ ላይ ሸበጥ ነው። ዙሪያው ሚስማሩ ወደ ላይ የቆመ ጣውላ ተበትኗል። ከበላዩ አራተኛው ፎቅ ላይ ሰዎች ሌላ ጣውላ እየፈቱ ወደ ታች ይለቃሉ። ራሱ ላይ ምንም የለም። ቆም ብዬ አወራሁት። የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ ነው። ለትብብር ስልጠና ተልኮ ነው የመጣው። ዕድሜው 17።

«ሄልሜት አልሰጡህም?»

«እሱ የሠራተኛ ነው፣ ጋሼ። እኛ ሰልጣኞች ነን።»

«ኮሌጁስ?»

«ኮሌጁ ድርጅቱ ይሰጣችኋል ነው ያለን።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ለድርጅቱ ልጁ የኮሌጁ ተማሪ ነው። ለኮሌጁ ደግሞ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው ነው። መሃል ላይ ልጁ በሸበጥ ተቀምጧል።

አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ። ስልጠናው ሥራ ቦታ ላይ መሆኑን እደግፋለሁ። ከስልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ይሁን የሚለው አሠራር በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። አናጺነት በጥቁር ሰሌዳ አይለመድም። ግን ጊዜውን 70 ለ30 ስንከፍል ኃላፊነቱን ለማን ሰጠን? ተቆጣጣሪ መምህሩ አልፎ አልፎ ይመጣል። የመገኘት ቅጽ ያስፈርማል። ልጁ መኖሩን ያያል፤ ከልጁ በላይ ምን እንደተንጠለጠለ ቀና ብሎ አያይም።

ስለ ደህንነት ስናወራ ደግሞ ቶሎ ወደ ዕቃ እንሮጣለን። ሄልሜት፣ ጓንት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ። ፎቶ ላይ ያምራል። ጓንትን ብቻ እንውሰድ። ሚስማር ለሚነቅልና ፌሮ ለሚሸከም ሰው ጓንት ግድ ነው። ያንኑ ጓንት አድርጎ የሚሽከረከር መጋዝ ፊት ከቆመ ግን ጥርሱ ጨርቁን ይይዝና እጁን ጎትቶ ያስገባዋል። ረጅም እጅጌም፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ሻርፕም እንዲሁ ነው። ጓንት ገዝቶ ማደል ቀላል ነው። መቼ እንደሚወልቅ የሚነግር ሰው ነው የጠፋው።

ነጋሪ ቢኖርም ሌላ ችግር አለ። ይሉኝታ የምንለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ ልጅ አደጋውን አያውቀውም። ቢያውቀውም አይናገርም። አባቱን የሚያህል ፎርማን «ውጣ» ሲለው «መሰላሉ ይወዛወዛል» ብሎ መመለስ ነውር ይመስለዋል። ፈሪ እንዳይባል ይፈራል። ጓደኞቹ ያለ ቀበቶ ሲወጡ እሱም ከማን አንሼ ይላል። ያን ዕድሜ አውቀዋለሁ። እኔም ከሞት ይልቅ መሳቂያ መሆንን እፈራ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ቦታውን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውንም ስለ አደጋው እንዲያስተምር ያስገድዳል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። የመሃል አዲስ አበባ ግንባታ ሌሊት በመብራት እንደሚቀጥል ፒያሳና ካዛንቺስ ያመሸ ሁሉ አይቷል። መብራቱ ሥር ስንት የ17 ዓመት ልጅ እንዳለ የሚያጣራ ተቆጣጣሪ በዚያ ሰዓት ይዞር ይሆን?

አዋጁ ውስጥ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ለወጣት ሠራተኞች የተከለከሉ ሥራዎች አሉ፤ የከርሰ ምድር ሥራ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ዋሻ ቁፋሮ የመሳሰሉት። ክልከላው ግን ዕውቅናና ቁጥጥር ባላቸው የሙያ ትምህርት ቤቶች የሚማሩትን አይመለከትም። ምክንያቱ ይገባኛል። ትምህርት ቤቱ ከጎናቸው ሆኖ ያያቸዋል ተብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ከጎናቸው ከሌለስ? ያኔ ልጁ ክልከላውንም ጠባቂውንም አጣ ማለት ነው።

ደግ የሆነ አንቀጽም አለ። በመለማመጃ ውል የሚሠራ ሰው አካሉ ቢጎድል፣ ካሳው የሚሰላው አሁን በሚያገኛት የኪስ ገንዘብ ሳይሆን፣ ልምምዱን ጨርሶ ባለሙያ ሲሆን ያገኘው በነበረው ደመወዝ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። ግን ያ የሜክሲኮው ልጅ የመለማመጃ ውል የለውም። ያለው ኮሌጁ የጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

አደጋ ያየ ሠራተኛ ለአሠሪው አሳውቆ፣ አሠሪው ዝም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ይህም አዋጁ ላይ አለ። ሰልጣኝ ግን ወዴት ይለቃል? ከለቀቀ ስልጠናው ይበላሻል፣ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ፈተናውም ይዘገያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155፣ ለሕይወቱ ከሚያሰጋ ሥራ ዞር ያለ ሰው በዚህ ምክንያት እንዳይጎዳ ይላል። ለሰልጣኝ ጉዳት ማለት ውጤት መቀነስ መሆኑን ማንም አላሰበውም።

የአነስተኛ ወርክሾፕ ባለቤቶች «ከየት አምጥተን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የሼድ ኪራይ አለ፣ እንጨት በየወሩ ይጨምራል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉት የፋብሪካ ጣውላዎች ሲቆረጡ የሚወጣውን ብናኝ የሚስብ ማሽን ግዙ አልልም። ማስኩን ግን እላለሁ፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች ደግሞ በዚህ ሰበብ አይግቡ። እነሱን ገንዘብ አልቸገራቸውም።

ደግሞ ብዙው ነገር ብር አይጠይቅም። ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) ላይ የተተወ ቀዳዳ በጣውላ ይከደናል። ጣውላው ሲፈታ ሚስማሩ እዚያው ይታጠፋል። በክረምት ውሃ የጠጣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጎኑ ሳይደገፍ ልጅ አይወርድም፤ አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ የተቀበረውን ልጅ በአካፋ ቆፍረው እስኪያወጡት ጊዜ አይሰጥም።

አስተማሪዬ ጣታቸውን ያጡት ቅዳሜ ነው አሉኝ። የሠርግ አልጋ ለማድረስ እየተጣደፉ አጭር ቁራጭ በእጃቸው ይገፉ ነበር። ቁራጩ መጋዙ ላይ ተነክሶ ተወረወረ፤ እጃቸው ተከትሎ ገባ። ያን መከለያ እስከ መጨረሻው አልመለሱትም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እቀየማቸዋለሁ። ለእኔ ግን ከቁርጥራጭ እንጨት መግፊያ ሠርተው በሲባጎ ማሽኑ ላይ አሰሩልኝ። አንዴ በእጄ ስገፋ አይተው ማሽኑን አጥፍተው፣ ቀኑን ሙሉ ወለል አስጠረጉኝ። ስንት ብር ወጣ? ምንም። አሥር ጣቴ አለ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ አዋጅም፣ አዲስ ኮሚቴም አልፈልግም። ኮሌጆች ሰልጣኝ ሲልኩ የሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ጥቂት መስመር ይጨመር። ድርጅቱ ውስጥ ለዚህ ልጅ የሚጠየቀው ሰው ማነው፣ ስልኩስ? እስኪለማመድ ድረስ የማይነካቸው ማሽኖች የትኞቹ ናቸው? አደጋ አይቶ ሥራ ቢያቆም ውጤቱ አይቀነስም። ድርጅቱ ይህን ካልፈረመ ልጁ አይሄድም። ቦታ ይጠፋል የሚል አለ። ይጥፋ። ጥቂት ቦታ ይሻላል።

ልጁ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ አሳይቶኝ ነበር። አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ ተበልቷል። ስሙ አለ። የሙያው ዓይነት አለ። የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ቀን አለ። ክብ ማኅተም አለ። ከታች «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ይላል።