ዝውውሩ ይታገድ፣ አቤቱታውም ከግቢው ይውጣ

በተማሪው ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሷል የተባለ መምህር ጉዳይ በወረዳ ደረጃ ከሚድበሰበስባቸው መንገዶች ቀላሉ ዝውውር ነው። ክሊራንሱ ይፈረማል፣ ማህደሩም ንጹሕ ሆኖ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

የጎደለው ሕግ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸምን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል። ተጎጂዋ የአጥፊው ተማሪ ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድንም።

ችግሩ አቤቱታው የሚሄድበት መንገድ ነው። ከክፍል ኃላፊ ወደ ዩኒት ሊደር፣ ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ፤ ሁሉም የተከሳሹ ባልደረቦች ናቸው። ቀጥሎ ሽማግሌ ይገባል። የወሎ አባጋሮች (ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ደም በማድረቅ የተከበሩ ናቸው፣ ክብራቸውም ይገባቸዋል፤ እዚህ ግን እጃቸውን ማስገባት የለባቸውም። ዕርቅ ክሱን በሕግ አያስቀርም፤ ምስክርን ግን ያስቀራል። አባት ካሳ ከተቀበለ በኋላ ልጅቷ ፖሊስ ዘንድ ቃሏን ትቀይራለች።

ከደላንታና ከለጋምቦ ገጠር ቀበሌዎች ስንቋን ይዛ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ የበለጠ ተጋላጭ ናት። መምህሩ ደግሞ ውጤቷን በእጁ ይዟል። የፈተና ወረቀት ይመረመራል፤ የአሳይመንትና የክፍል ተሳትፎ ነጥብ ግን ማንም ሳያየው ይሞላል፤ ማባበያውም ማስፈራሪያውም እዚያ ነው። የትምህርት ክፍል ተጠሪው ማርክ ሊስቱን ከተማሪዎቹ ሥራ ጋር እያመሳከረ ካልፈረመ፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው።

ወረዳው የአቤቱታ ሳጥኑን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ አንስቶ ሴት ተማሪዎች ሳይታዩ ወደሚደርሱበት ያዙረው። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ በሱፐርቫይዘሩ፣ ሌላው በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት እጅ። ያለ ሁለቱ አይከፈት። ጥቆማው በዚያው ቀን ለፖሊስ ይድረስ፤ ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ደጋግሞ አይመርምር፣ ቃሏ በተነገረ ቁጥር ይሸራረፋልና። ምርመራው እስኪያልቅ መምህሩ ከክፍል ይራቅ፣ ዝውውሩም ይታገድ። ተቀባዩ ወረዳ ደግሞ የዲሲፕሊን ታሪኩን በደብዳቤ ሳይጠይቅ አይመድበው።

የመድፈር ጥቃት ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ከከላላ ወይም ከወገዲ ገጠር ሆስፒታል መድረስ ግን መኪናና ብር ይጠይቃል። ወረዳው ይህን ወጪ በዓመቱ በጀት ካልያዘ፣ 72ቱ ሰዓት ቤተሰብ ብር ሲበደር ያልፋል።