ብቻውን የወረደ

የጣሊያኑ የስቴልቪዮ መተላለፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በሰሜን በኩል የሚወርደው መንገዱ 48 መታጠፊያዎች አሉት። በዚያ ዓይነቱ ቁልቁለት በብስክሌት ብቻን ስለ መውረድ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ ተነሣ። በጅማ ለእኔ የሚቀርበኝ ተራራ ጅሬን ነውና፣ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌቴን ቁልቁል አዞርኩ። በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዓይን የሚያሳየው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም ስለማይዘልቅ ችኮላዬ ምክንያት ነበረው።

የቁልቁለት ፍሬን የራሱ ጠባይ አለው። ሳይለቁ ይዘውት ከወረዱ የቸርኬው ጠርዝ ስለሚግል ያዝ ለቀቅ ማድረግ ያሻል፤ የፊተኛው ደግሞ ከኋለኛው ይልቅ ቢያቆምም፣ ድንገት ከጨበጡት ባለቤቱን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል። በእኔ ብስክሌት የኋላው ፍሬን በቀኝ እጅ የሚያዝ ነው። ሰላምታም በቀኝ እጅ ነው። እንግዲህ እንጨት የተሸከሙ እናት «አካም ኦልቴ?» ባሉኝ ቁጥር (ቀኜን አንሥቼ፣ ራሴንም ዝቅ አድርጌ) በፊት ፍሬን ብቻ እወርዳለሁ ማለት ነው፤ ጨዋነት እንዲህ ለአንገት አጥንት እንደሚያሰጋ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «ብቻህን?» የሚለው ጥያቄ ነበር። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ መርዶ ደርሶታል። አንድ አባት ከደጃቸው ተነሥተው መንገዱ መሐል ቆሙና፣ «ልጄ፣ ምን ገጠመህ?» አሉኝ። ምንም እንዳልገጠመኝ ባስረዳኋቸው መጠን ይበልጥ አዘኑልኝ። አስገቡኝ፤ ቡናው ገና እየተቆላ ነበር። አቦሉን ስጠጣ ጀንበሯ ዘቀዘቀች፤ ቶናው ላይ ጠለቀች፤ በረካውን ትቶ መነሣት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስወጣ ጨለማው ዓይን ቢወጉ አይታይም፤ «ጅብ አለ» ተብሎም ሦስት ጎረምሶችና አንድ ባትሪ ታዘዙልኝ። ብስክሌቱን አንዱ ገፋው፣ አንዱ መብራቱን ያዘ፣ ሦስተኛው እስከ አስፋልቱ ድረስ የመጣላትን ነገር መጥፎነት መከረኝ።

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ በራፌ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እህታቸው ከጅሬን ደውለዋል፤ ከመታጠፊያው ላይ ሁለቱንም ፍሬን ይዤ ሳልፍ ሰላም አላልኳቸውም።