መጀመሪያ ድምፁን፣ ጽሑፉን በኋላ

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቁጭ ብለን የአጼ ምኒልክን ድምፅ ከስልኬ ከፈትኩላት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትንሽ አዳመጠችና "ይሄ ሰው ነው ወይስ ቅቤ ሲነጠር?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ከዚያ ይባላል የሚባለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩላትና ደግሜ ከፈትኩት። "እንዴ! ቁልጭ ብሎ ይሰማል እኮ!" ድምፁ ያው ነው፣ ቅንጣት አልጠራም። እኔም ተንኮሌ መጣና በሦስተኛው ዙር አንዷን ቃል በምትቀራረብ ሌላ ቃል ቀይሬ ሰጠኋት። እሷንም ሰማቻት። ያውም ራሷን እየነቀነቀች።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ (ድምፅን በሰም ሲሊንደር ላይ በሚጭር የድሮ መቅረጫ) አስቀርጸው ለአጼ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። በ1899 ደግሞ ሁለቱም በየራሳቸው ድምፅ መለሱ። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ስለታዘዘ ጠፋ። የኛዎቹ ተረፈ። (የላከችው ድምፅ ጠፍቶ የመላሾቹ መቅረቱ ሁሌም ይገርመኛል።)

እንዲህ ያለውን ድምፅ ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መንሿሿቱ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከስር የሚሮጠው ጽሑፍ ነው። ጆሮ ሲቸገር ዓይንን ያምናል፤ አንዴ ያነበብከውን ደግሞ እንዳልሰማህ መሆን አይቻልም።

ለምን ይከብዳል? ያኔ ድምፅ የሚቀረጸው በማይክሮፎን አይደለም። ሰውየው ጥሩምባ መሳይ ነገር ውስጥ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ የድምፁ ግፊት መርፌዋን ያንቀጠቅጣታል፣ መርፌዋ ሰሙን ትጭራለች፣ አለቀ። በዚህ መንገድ ቀጫጭኖቹ ድምፆች አይያዙም ማለት ይቻላል። "ስ" እና "ፍ" አንድ ዓይነት ትንፋሽ ይሆናሉ። በአማርኛ ደግሞ በ"ሠራ" እና በ"ፈራ" መካከል ያለው ልዩነት ያችው አንድ ፊደል ናት። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው እርግጠኛ ያልሆነበትን ቃል በነጥብ ይተወው፣ ወይም የጥያቄ ምልክት ያድርግበት። ሞልቶ መጻፍ ያምራል፣ ግን የራስን ግምት በንጉሥ አፍ ማስገባት ነው።

ፍጥነቱም ሌላ ጣጣ ነው። የዚያን ዘመን የሰም ሲሊንደሮች የሚሽከረከሩበት ፍጥነት አንድ ወጥ አልነበረም። በደቂቃ 120 ዙር የተቀረጸውን በ160 ብታጫውተው ንግግሩ በሲሶ ይፈጥናል፣ ጎርናናው ሰውዬም ቀጭን ይሆናል። ደግሞ አዋቂዎቹም ይሳሳታሉ። ኤድዋርድ ሌዮን ስኮት የሚባል ፈረንሳዊ በ1860 ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ ድምፅ ጽፎ ነበር፤ መልሶ ለመስማት አይደለም፣ የድምፅን ቅርጽ በዓይን ለማየት ነው። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ወረቀቱን በኮምፒውተር ወደ ድምፅ ቀየሩት። ዓለም ሁሉ "አንዲት ሴት ወይም ልጅ ስታዜም" ብሎ ሰማ። በዓመቱ ሲጣራ ፍጥነቱ እጥፍ ኖሯል። በግማሽ ሲቀነስ ሴቲቱ ቀረችና ወንድ ሆነ፤ ራሱ ስኮት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ያ ሁሉ ሰው ግን ልጅቷን በጆሮው ሰምቷት ነበር።

እድለኛው የስልክ ፈልሳፊው ግርሃም ቤል ነው። በ1885 በሰም ዲስክ ላይ ሲናገር፣ ያለው ነገር በጊዜው በወረቀት ሰፍሮ ተቀምጦ ነበር። በ2013 ድምፁ ሲለይ ማመሳከሪያ ተገኘ። ይህ ሁሌ አይገጥምም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማቀርበው። መጀመሪያ ያልተነካካውን ድምፅ ብቻውን፣ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ። ምንም ካልገባን አይግባን፣ አንዴ እንቸገር። ከዚያ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረ በሁለት መስመር። ቀጥሎ ጫጫታው በመጠኑ የተቀነሰለትን ቅጂ፣ ክፍተቱ በግልጽ ከተተወ ጽሑፍ ጋር። በስንት ፍጥነት እንደተጫወተም ይጻፍ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት "እንደ አዲስ ጠራ" የሚባለውን ግን እጠረጥራለሁ፤ ፕሮግራሙ ሰሙ ላይ ያልነበረ ድምፅ ከሌላ ሰው ንግግር ተምሮ ነው የሚሞላው። ከኋላ ክራር መጨመሩንስ ምን ይሉታል? ሰውየው ገና ሳይደመጡ አጃቢ ተቀጠረላቸው።

አክስቴን ማታ ላይ ደውዬ ቃሉን የቀየርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ተሳደበች፣ ሳቀች፣ ድጋሚ ከፍታ አዳመጠች። አሁንም የምትሰማው እኔ የጻፍኩላትን ነው።